ለተራራና ለበረሃ ጉዞ የሚሆን ቢላዋ፦ ስለ እጀታ ቁስና ቀለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ወይም ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቢላዋ እንጨት ይፈልጣል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ የድንኳን ካስማ ይጠርባል፣ ምግብም ያዘጋጃል። ቢላዋ ሲገዛ ግን አብዛኛው ሰው ትኩረቱን ሁሉ ለስለቱ ሰጥቶ እጀታውን እንደ ጌጥ ያየዋል። የደነዘዘ ስለት በሞረድ ይመለሳል፤ በዝናብ ከእጅ የሚያሟልጭ ወይም ሣር ውስጥ ወድቆ የማይታይ እጀታ ግን መንገድ ላይ በቀላሉ አይታረምም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከከተማችን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚጓዙ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው።

የእጀታው ቁስ ከመመረጡ በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ?

አለ። በመጀመሪያ የሚታየው ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ የት እንደሚዘልቅ ነው። የስለቱ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ ደርሶ፣ የእጀታው ቁስ በግራና በቀኝ ተለጥፎበትና በችንካር ተጠርቆ ከሆነ፣ ቁሱ ቢሰነጠቅ እንኳ ብረቱ በእጅ ላይ ይቀራል፤ ገመድ ተጠምጥሞበትም ሥራውን ይቀጥላል። ጭራው ቀጠን ብሎ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀበት ቢላዋም የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ጭራው ቢያንስ ከእጀታው ርዝመት ግማሹን አልፎ መሄዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፋሽን የነበሩትና ዛሬም በርካሽ የሚሸጡት፣ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ የሚከተትባቸው ባዶ እጀታ ያላቸው ቢላዎች ግን አብዛኞቹ ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዙት በአጭር መጋጠሚያ ብቻ ስለሆነ፣ እንጨት ሲፈለጥባቸው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ይሰበራሉ። ዕቃው ቆንጆ መስሎ ቢታይም ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም።

ቀጥሎ የእጅ ልክ ነው። መካከለኛ እጅ ላለው ሰው ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እጀታ አራቱንም ጣቶች ሳያጨናንቅ ይይዛል። ቅርጹ ድብልብል ከሚሆን ይልቅ ሞላላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሞላላ እጀታ በጨለማ ሲያዝ ስለቱ ወደ የት እንደዞረ መዳፍ ራሱ ይነግራል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ጣት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚከለክል ትንሽ ጉብታ ወይም ጎድጓዳ ቦታ መኖሩም ግድ ነው።

ከአካባቢያችን እንጨቶች ለእጀታ የሚሻለው የትኛው ነው?

ወይራን የሚያህል የለም። ከባድና ጠንካራ ነው፤ ጅማቱ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ሲለሰልስ ያምራል፣ ውኃም ቶሎ አይጠጣም። ጉድለቱ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው፤ በፀሐይ ላይ ተጥሎ በችኮላ የደረቀ ወይራ ከጫፎቹ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተቆረጠበት ጫፍ በሰም ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ለወራት መቆየት ይኖርበታል። ክትክታም እጅግ ጠንካራ ሲሆን ገበሬው ለመሣሪያ እጀታ የሚጠቀምበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ግን ለቢላዋ የሚበቃ ሰፊ ቁራጭ ማግኘት ያስቸግራል።

ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች፣ መልኩም የሚማርክ እንጨት ነው፤ ሆኖም ከወይራ ጋር ሲተያይ ለስላሳ በመሆኑ በድንጋይ ላይ ሲወድቅ ይጎደጉዳል። ለቤት ቢላዋ ይበቃል፤ ለተራራ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። ጽድ መዓዛው ደስ ቢያሰኝና ምስጥን ቢቋቋምም በጅማቱ አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ በተለይ ችንካር ሲመታበት፣ ለእጀታ አይመከርም። ባሕር ዛፍ በየደጃፉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ሲደርቅ በጣም የሚኮማተርና የሚጣመም እንጨት ስለሆነ ግን ለረጅም ጊዜ የቆየ አሮጌ ቁራጭ ካልሆነ በስተቀር ድካሙ ብቻ ይተርፋል።

በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶም የሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የሀገር በቀል ዛፎች መካከል ናቸው። ለአንድ እጀታ የሚያስፈልገው ከመዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ ስለሆነ ወደ ደን መሄድ አያሻም፤ ከአናጢ ቤት የሚጣለው ትርፍራፊ፣ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ መቃንና ወጋግራ፣ ለዓመታት ደርቆ የተዘጋጀ በመሆኑ ከአዲስ ግንድ ይሻላል።

በክረምት ያስገጠምሁት የእንጨት እጀታ በበጋ የላላው ለምንድን ነው?

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ አየሩ ሁሉ ውኃ በሆነበት ጊዜ፣ ከብረቱ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ የተለሰለሰ እጀታ የካቲት ሲደርስ ወደ ውስጥ ይሸሽና የብረቱ ጠርዝ መዳፍን መቁረጥ ይጀምራል። ከዚያ ላይ ባለቤቱ ወደ መተማ ከወረደ፣ ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ በሚችልበት ደረቅ አየር፣ ችንካሩ ይላላል ወይም እንጨቱ ይሰነጠቃል። መፍትሔው እጀታን በበጋ ማስገጠም ነው። ይህ ካልተቻለ ቁራጩን ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ፣ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። በችንካር ላይ ብቻ ከመተማመንም ከሥሩ ኢፖክሲ ማጣበቂያ መጨመር ውኃ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ገብቶ ዝገት እንዳያበቅል ይከላከላል።

እጀታውን ቅቤ መቀባት ይበቃል?

አይበቃም። ቅቤና ሞራ አይደርቁም፤ እንጨቱ ላይ እንደ ረጠቡ ቆይተው ይበላሻሉ፣ ይሸታሉ፣ አቧራም ይሰበስባሉ፤ በተራራ ላይ ደግሞ የምግብ ሽታ ያለው ዕቃ አይጥና ሌላ እንስሳ ይጠራል። ለእንጨት የሚሆነው አየር ሲያገኝ የሚጠነክር ዘይት ነው፤ ከእነዚህም ዋነኛው የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ይህ ጠባይ አለው፣ ነገር ግን ዝግ ብሎ ይደርቃል። በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ከአንድ ቀን በላይ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይቀባል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይህን ከደገሙ በኋላ ከላይ ንጹሕ የማር ሰም ማሸት ውኃን ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መነከር አለበት። ቫርኒሽ የተቀባና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ እጀታ ለሱቅ መደርደሪያ ያምራል እንጂ እጅ ሲያልበው ያሟልጫል።

የቀንድ እጀታ ለጉዞ ይሆናል?

የቀንድ እጀታ በጎንደር ምድር ረጅም ታሪክ አለው። የመኳንንቱ ጎራዴዎች በቀንድ እጀታ፣ አንዳንዶቹም በአውራሪስ ቀንድ፣ ይሠሩ ነበር፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃም ቤተ እስራኤላውያን ባለእጆች ብረት የሚቀጠቅጡባት መንደር ነበረች። የበሬ ቀንድ ዛሬም በርካሽ የሚገኝ፣ በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ የሚይዝና ለዓይን የሚያስደስት ቁስ ነው።

ለጉዞ ግን ቀንድ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በሙቀት መለስለሱ ለባለእጁ ጥቅም ቢሆንም፣ እሳት ዳር የተረሳ ቢላዋ እጀታው እንዲጣመም ያደርጋል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ በንብርብር ይላላጣል፤ ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠም ብል ይበላዋል። ስለዚህ የቀንድ እጀታ ለበዓል ቢላዋ ይቆይ።

ከዚህ ጋር ሊነሣ የሚገባው የሕግ ጉዳይ ነው። የአውራሪስ ዝርያዎች ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ ስለገቡ፣ አሮጌ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ እንኳ ገዝቶ ከሀገር ማውጣት ከባድ ጣጣ ያመጣል። የዝሆን ጥርስም እንዲሁ ነው። የዋልያ ቀንድ ነው ተብሎ የሚቀርብ እጀታ ደግሞ እውነትም ይሁን ሐሰት ሊነካ አይገባም፤ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ መታደኑም በሕግ የተከለከለ እንስሳ ነው።

ማይካርታና ጂ 10 የሚባሉት ምንድን ናቸው? ልዩነታቸውስ?

ሁለቱም በሙጫ የተነከረ ጨርቅ ተደራርቦ በሙቀትና በግፊት ሲታመቅ የሚገኙ ቁሶች ናቸው። ማይካርታ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበውም ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች መከላከያ ነበር፤ ጨርቁ ሸራ፣ በፍታ ወይም ወረቀት ይሆናል። ጂ 10 ደግሞ የመስታወት ክር ጨርቅና ኢፖክሲ ነው። ሁለቱም ውኃ አያሳብጣቸውም፣ ብል አይበላቸውም፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱም ልካቸውን አይለውጡም።

ልዩነቱ በእጅ ላይ ነው። ሳይወለወል የተተወ የሸራ ማይካርታ ሲረጥብ ይበልጥ ይያዛል፤ በዝናብ ለሚሠራ እጅ ከዚህ የተሻለ ስሜት ያለው ቁስ መጥቀስ ይከብዳል። ይሁን እንጂ የእጅ ወዝና አፈር እየጠጣ ይጠቁራል፤ ደማቅ ቀለም ይኖረዋል ብሎ የገዛው ሰው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። ጂ 10 ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም ከላይ የተቀባ ሳይሆን እስከ ውስጡ የዘለቀ በመሆኑ ቢፋቅም ብርቱካንማው ብርቱካንማ እንደሆነ ይቀራል፤ ነገር ግን መያዣ የሚሆነው ላዩ በጥርስ በጥርስ ሲቀረጽ ብቻ ነው፤ ለስላሳው ሲረጥብ ያሟልጫል። በቤቱ ሊሞርደው የሚፈልግ ሰው የሁለቱም ብናኝ ለሳንባ ጎጂ መሆኑን ዐውቆ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የብርጭቆ ወረቀቱንም በውኃ አርሶ ይሥራ።

የጎማና የፕላስቲክ እጀታስ?

ዋጋን ከጥቅም ጋር ለሚያመዛዝን ሰው በፖሊፕሮፒሊን የተሠራ እጀታ የሚናቅ አይደለም። በስዊድኗ የሞራ ከተማ የሚሠሩት ርካሽና የታወቁ ቢላዎች እጀታቸው ከዚህ ዓይነት ፕላስቲክና ጎማ ከሚመስል ሽፋን የተሠራ ነው፤ ጭራቸውም እስከ መጨረሻው የማይደርስ ቢሆንም ለዕለት ተዕለት የካምፕ ሥራ ይበቃሉ። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ግን ከፍም ዳር ማስቀመጥ አይገባም፤ ከመስታወት ክር ጋር የተቀላቀለ ናይሎን በዚህ በኩል ይሻላል።

ለስላሳ ጎማ በብርድ ጊዜ ለእጅ ይመቻል፤ ጠላቶቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ውጭ የሚሰነብት ጎማ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛው የወባ ትንኝን ለማባረር ቆዳ ላይ የሚቀባው ዲት የተባለው ኬሚካል ነው፤ ይህ ፈሳሽ አንዳንድ ፕላስቲኮችንና ጎማዎችን ያሟሟል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው መድኃኒቱን በተቀባ እጁ የጎማ እጀታ ሲይዝ ከቀናት በኋላ እጀታው ሙጫ ሆኖ ቢያገኘው ጥፋቱ የፋብሪካው ላይሆን ይችላል። እጅን ማጠብ፣ ወይም መድኃኒቱን በእጅ ጀርባ ብቻ መቀባት ይረዳል።

ሙሉ በሙሉ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ እጀታ ጠንካራ አይደለም?

ጠንካራ ነው፣ ለብርድ ግን አይሆንም። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት በሺህ እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ከጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጨነቅ በተባለው የሰሜን ተራሮች ካምፕ የሚያድር ሰው ከፍታው ብቻ አየሩን በ10 ዲግሪ ያህል ያበርድበታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በማለዳ እንዲህ ያለውን እጀታ ባዶ እጅ ሲይዘው ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ስለት በትክክል አይመራም።

በቆዳ ወይም በገመድ የተጠቀለለ እጀታስ?

የቆዳ ቀለበቶች ተደራርበው የሚሠሩበት እጀታ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የያዙት ዓይነት ነው፤ ለእጅ ሞቃትና የሚመች ሆኖ ሳለ በዘለቀ ዝናብ ይረጥባል፣ ይሻግታል። ገመድ ደግሞ ላብንና ደምን ስለሚጠጣ ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋና እጀታነት አይመረጥም።

ብዙዎች ብርቱካንማ ቀለም የሚመክሩት ለምንድን ነው?

የእጀታ ቀለም ዋና ሥራው የወደቀን ቢላዋ ማስገኘት ነው። ቢላዋ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በትልቅ አደጋ ሳይሆን፣ ባለቤቱ አንድ ነገር ቆርጦበት አጠገቡ መሬት ላይ ካኖረው በኋላ ጉም ወርዶ ወይም በቅሎ ጫኞች ቸኩለው ድንገት ሲነሣ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የሚለካው በሱቅ ውስጥ በሚያምርበት ሳይሆን በሚሄዱበት ምድር ላይ ጎልቶ በሚታይበት መጠን ነው። የሰሜን ተራሮች ከጥቅምት ወዲያ ጓሳቸውና ሣራቸው ወደ ወርቃማና ቡናማ ይዞራል፤ አለቱ ጥቁር ነው፤ ክረምቱ አረንጓዴ ነው። ቡናማ እንጨት፣ ጥቁር ጎማና የወይራ ቅጠል መልክ ያለው ፕላስቲክ ሦስቱም ከዚህ ምድር ጋር ይመሳሰላሉ። ብርቱካንማ ግን በአረንጓዴም፣ በቡናማም፣ በጥቁርም ላይ ይለያል። ከብርቱካንማ የማያንሰው፣ እንዲያውም በደረቅ ሣር ላይ የሚበልጠው፣ ደማቅ ሮዝ ነው፤ ወንዶች «የሴት ቀለም ነው» ብለው ባይሸሹት ኖሮ ስንት ቢላዋ በተረፈ።

ቢጫ በሌላ አገር በጣም ይመከራል፤ ለእኛ አካባቢ ግን ከደማቆቹ ሁሉ ደካማው ነው። በመስከረም ኮረብታው ሁሉ አደይ አበባ ይለብሳል፣ አበባው ሲረግፍ ደግሞ ሣሩ ራሱ ይቢጫል፤ ስለዚህ ቢጫ እጀታ በጉዞው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ መደበቂያ ያገኛል። ቀይ ቀን ላይ ጥሩ ነው፤ ሲመሽ ግን ከቀለሞች ሁሉ ቀድሞ የሚጠቁረው እርሱ ነው። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ለቀይ ያለው ስሜት ፈጥኖ እንደሚቀንስ ቼካዊው ሐኪም ያን ፑርኪኜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገልጾታል። በተጨማሪም ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ አሉ፤ እንዲህ ላለ ሰው በሣር ላይ የወደቀ ቀይ እጀታ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ለእርሱ ደማቅ ሰማያዊ ይሻለዋል።

በሌሊት ግን የትኛውም ቀለም ብቻውን አይረዳም። በጨለማ የሚያበሩ ቅቦች ብርሃናቸው በሰዓታት ውስጥ ይደክማል፤ በእጀታው ጫፍ ላይ የተለጠፈ የጣት ስፋት ያለው ብርሃን መላሽ ፕላስተር ግን ባትሪ ሲበራበት ከሩቅ ይመልሳል።

ጥቁር ወይም የወታደር ልብስ መልክ ያለው እጀታ ምን ይጎዳል?

ከላይ እንደተባለው ለመጥፋት ይመቻል። ከዚያም ባሻገር ጥቁር እጀታ በቆላ ፀሐይ ድንጋይ ላይ ከዋለ መዳፍ እስኪያቃጥል ይግላል። ሦስተኛውን ምክንያት ደግሞ ማንም መንገደኛ ያውቀዋል፦ በፍተሻ ላይ ቦርሳ ሲከፈት ብርቱካንማ እጀታ ያለው ቢላዋ የካምፕ ዕቃ መሆኑን ለማስረዳት ይቀላል፤ ጥቁርና ዥንጉርጉሩ ግን የጦር መሣሪያ ይመስላል፣ ንግግርም ያስረዝማል።

ያለኝን ቢላዋ ሳልቀይር ቀለም ልሰጠው እችላለሁ?

ይቻላል። ከሁሉ የሚቀለው በእጀታው ጫፍ በኩል ደማቅ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሁለት ዙር መጠምጠም ነው፤ መዳፍ በማያርፍበት ቦታ ስለሆነ መያዣውን አያበላሽም። በእጀታው ቀዳዳ ደማቅ የናይሎን ሲባጎ ማሰርም ይረዳል፤ ሲባጎው ግን ከአንድ ስንዝር አይርዘም፤ ረጅሙ በቁጥቋጦ ይያዛል። ሙሉውን እጀታ ቀለም መቀባት አይመከርም፤ የቅብ ቀለም መዳፍ ባለበት ቦታ ቶሎ ይላጣል፣ ከመላጡም በፊት ያሟልጫል። አፎቱም ከእጀታው ባላነሰ ደማቅ ይሁን።

ሥጋ የተቆረጠበት እጀታ እንዴት ይጸዳል?

በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቅ። ዋናው የሚመረመረው እጀታው ከብረቱ ጋር የተጋጠመበት ስንጥቅ ነው፤ ደምና ስብ የሚሸሸጉት እዚያ ስለሆነ በጥርስ ብሩሽ ይፈተግ። በረኪና በፕላስቲክ እጀታ ላይ በስሱ ቢነካ ችግር ባያመጣም፣ ስለቱን ስለሚያዝግና ቆዳን ስለሚያበላሽ አዘውትሮ መጠቀም አይገባም።

ባለእጅ ዘንድ ሳሠራ ምን ብዬ ልዘዝ?

ብረቱን ይዞ የሚሄድ ሰው እጁንም ይዞ መሄዱን አይርሳ፤ ባለእጁ መዳፉን በሸክላ ጭቃ ወይም በለስላሳ እንጨት ላይ ለክቶ እንዲጀምር ይጠይቅ። ብርድ ባለበት የሚጓዝ ከሆነ የሚለብሰውን ጓንት አድርጎ ይለካ። የደረቀ ወይራ፣ ከሥሩ ኢፖክሲ፣ ሁለት ወይም ሦስት የነሐስ ችንካር፣ ከጫፉ ደግሞ ሲባጎ የሚገባበት ቀዳዳ ይዘዝ፤ ላዩም ቫርኒሽ ሳይነካው በዘይትና በሰም ብቻ ይጨረስ። በመጨረሻም ከመክፈሉ በፊት እጁን በሳሙና ውኃ አርሶ እጀታውን ይጨብጥና፣ ስለቱ በአፎቱ ውስጥ እንዳለ፣ ሌላ ሰው ወደ ፊት እንዲስበው ያድርግ፤ እጁ ወደ ስለቱ ከተንሸራተተ የጣት መከልከያው ከፍ ተደርጎ እስኪስተካከል ድረስ አይረከበው።